የትንሿ ስም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሰኞ ደሴ ለኦፕራሲዮን ስለምገባ ዛሬ ኑዛዜዬን አጻፍኩ። የሟቹ ባሌ ወንድም ጌታቸው ሳይጠራ መጥቶ ከአራቱ ምስክሮች መሀል ተጎለተ።

"የወንድሜን ልጆች የማሳድገው እኔ ነኝ፤ ሞግዚትነቱን በእኔ ስም አጽፊው" አለኝ። መሬቱን እንጂ ልጆቹን መቼ ዞር ብሎ አይቶ ያውቃል!

"እሺ ጋሼ፣ እስቲ የትንሿን ስም ይንገሩኝ" አልኩት።

"ሚጡ ናታ!"

ሚጡማ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ናት። ምስክሮቹ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። እኔም "ሞግዚቷ እህቴ ዘነቡ ትሁን" ብዬ አስፈረምኩ።

ሲወጣ "ከበሽታሽ ከተረፍሽ እንተያያለን" አለኝ። እሱን ለማሳረር ስል እንኳ እተርፋለሁ። ባልተርፍስ? ዘነቡ ደግ ናት፤ ግን ሰው ሲቆጣባት ድምፅዋ ይጠፋል...