የዘርፈሽ ጎረቤት ቁጥር

ኢቢሴ ኮ፣ ኢቢሴዬ፣

«ሱቅሽ ለጥገና የመጣልሽን ስልክ ፍቺ እንጂ የኔን ማን ንኪ አለሽ?» ብለሽ በሩን ደርግመሽ ወደ ሆስፒታል ሥራሽ ሄድሽ። «አርጅቶ ቴሌግራም እንኳ እምቢ አለኝ» እያልሽ ሳምንቱን ሙሉ ያማረርሽው ግን አንቺው ነሽ።

ፋብሪካው ስልክሽ ላይ የቆለፈውን ከፍቼ አዲስ ሲስተም ስጭንበት ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። ፎቶዎችሽንና መዝሙሮችሽን ቀድሜ ገልብጫለሁ። ቁጥሮቹ ሲም ካርዱ ላይ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስልኩ ላይ ኖረው አብረው ጠፉ።
መጠየቅ ነበረብኝ።

አሁን ቴሌግራሙ ይሠራል። ቻርጅ ላይ እያለ አታውሪበት፣ ይግላል።

ስልክ የሌላቸው፣ የምታዋልጃቸው እርጉዞችሽ የጎረቤቶቻቸውን ቁጥር እንደሚሰጡሽ ያወቅሁት ስትጮኺብኝ ነው። ዘርፈሽ መንታ ይዛለች፣ ቀኗም ደርሷል። አንቺ ደውለሽ ካልጠራሻት ደግሞ ምጥ ሳይጠናባት ከቤቷ አትወጣም። ስለዚህ እሷ ወዳለችበት ወደ አርጆ እሄዳለሁ። ሰፈሯን ባላውቀውም ስሟን እየጠራሁ እጠይቃለሁ። እንዳገኘኋት መኪና ላይ አሳፍሬ እልክልሻለሁ፤ መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበያት። አልጋም አስይዢላት።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ፍራሼን ሱቅ አብራኝ የምትሠራው ኬኔ መጥታ ትወስደዋለች፤ ስመለስ እሷ ጋ እገባለሁ። የቤቱን ቁልፍ መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ።

ኸይሪያ