ለባላንጣዬ ድምፅ ስለምን

ሰኞ፣ ግንቦት 3
የማሽላውን እርሻ ደገምኩ። ጉልበቴ ያመኛል።
ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር መልአኩ መጣ። «አያ ምሳው፣ ለወረዳ ምክር ቤት እጩ አድርገን አስመዝግበንዎታል።»
ማን ጠየቀኝ?
«ተፎካካሪዎ ሰማኸኝ ነው።»
ሰማኸኝ! በድንበር ተጣልተን ሦስት ዓመት የተኳረፍነው ጎረቤቴ... እሱ ካለበትማ እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12
ለካ ስብሰባው ወረዳው ከተማ ነው። መኪና የለ። ቀን ተኩል በእግር... በየስብሰባው! በዚህ ጉልበት?
ስሜን ሰርዙልኝ ብል መልአኩ «ቀኑ አልፏል» አለኝ።
እንግዲህ መሸነፍ ነው ያለብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 16
ከቅዳሴ በኋላ ቅስቀሳ ነበር። ተነሥቼ «ሰማኸኝን ምረጡ» አልኩ።
ቀጥሎ ሰማኸኝ ተነሣ። «ምሳውን ምረጡ!»
እሱም የመንገዱን ነገር ሰምቷል!
ቄስ ወልደ ሐዋርያት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ልጆቼ... ጤና ናችሁ?»

ዓርብ፣ ግንቦት 28
በየቤቱ እየዞርኩ ሰማኸኝን ሳሞግስ ሰነበትኩ። ቅን ነው፣ አስተዋይ ነው፣ ለሰው አዛኝ ነው... ዛሬ ውሸቱ አለቀብኝና እውነት ተናገርኩ። ልጄ ፅዮን ምጥ ጠንቶባት ጊዜ፣ የቃሬዛውን ፊት ይዞ ጤና ጣቢያ ድረስ የሮጠው እሱ ነው።
እንዴት ረሳሁት? ወይስ... አልረሳሁትም ነበር?

እሑድ፣ ሰኔ 14
መረጥኩ። ሰማኸኝን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16
ውጤቱ ተለጠፈ። ሰማኸኝ 97። እኔ 214!
ምን ብሎ ቢያሞግሰኝ ነው? ባለቤቴን እማዋይሽን ጠየቅኋት።
«አንቺስ ማንን መረጥሽ?»
«አንተን።»
«ጉልበቴን እያየሽ?!»
«ሰማኸኝ ስላንተ ሲናገር ሰማሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንዴ ያገባሁት ብዬ...»

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 4
ለመጀመሪያው ስብሰባ ስንቄን ይዤ ወጣሁ። ሰማኸኝ መንገዱ ላይ ቆሟል። ስንቄን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገው።
«ወዴት ነው?» አልኩት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ።
«በኔ ምላስ አይደል የተመረጥከው? አደርስሃለሁ።»
እስከ ወንዙ ዝም ተባባልን። ከወንዙ ወዲያ ግን አፉ አልተዘጋም። የኔም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6
አዳራሹ በር ላይ ማን ነህ ያለው የለም። ሰማኸኝ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።
የኛ ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ዘንድሮ ይጠገን ወይስ ለከርሞ ይቆይ? ዘንድሮ ይጠገን የሚል እጁን ያንሣ ተባለ። አነሣሁ። ቀና ብዬ ባይ... ሰማኸኝም አንሥቷል!
«አውርድ!» አልኩት በሹክሹክታ።
«ውሃው የኔም አይደለም?»
አሥራ አምስት ደገፈ። አሥራ ሦስት ተቃወመ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ሰገነት ግራ ገባቸው። «አባላቱ ሃያ ሰባት፣ እጁ ሃያ ስምንት?» እንደገና አስቆጠሩ። ያው ሃያ ስምንት።
ሰማኸኝን አየሁት። እጁን ቀጥ አድርጎ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ላብ። የሚያወርድ አይመስልም።
ሦስተኛው ቆጠራ ላይ የራሴን አወረድኩ።
አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት። ልክ መጣ። አለፈ!