በባዶ ሆድ የሚለካ

መካነ ኢየሱስ፣ መጋቢት ፳፬ ቀን

ይድረስ ለእናት ምትኬ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ዛሬ ጤናሽን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ቁርጡን መልስ ፈልጌ ነው። ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደኅና ናቸው? እኔ ስሙ የተመሰገነ ይሁንና ቆሜ እሄዳለሁ። ባለቤቴ አመለወርቅም ጉልበቷን ሳምልኝ ብላለች። አንድ ልመና አለኝ፤ የአንቺኑ ሕይወት የሚነካ ልመና ነው። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጉድ ልንገርሽ፤ አለዚያ አትሰሚኝም።

በጥር፣ ማኅሌት ቆሜ ሳለ ጉልበቴ ከዳኝ። ድካም ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ አመለወርቅ መቼ ትለቀኛለች፣ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ ፍቅርተ የምትባል ነርስ አለች፤ የልጅ አዋቂ ናት። ሌሊቱን እህል ሳልቀምስ አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት ጣቴን ወጋ አድርጋ ደሜን ለካችው። መቶ አሥራ አራት ሆነ። በባዶ ሆድ ሲለካ ከመቶ በታች መሆን ነበረበት፤ መቶ ሃያ ስድስት ከደረሰ ስኳር በሽታ ይባላል አለችኝ። መሪጌታ፣ ገና አልገቡም፣ ደጃፉ ላይ ነው የቆሙት፤ ከዚህ መመለስ ይቻላል ብላ አጽናናችኝ። ሐኪሙም አይቶኝ ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር።

እኔ ግን ሊቅ ነኝ አይደል? ሁዳዴ ሲገባ እሰይ አልኩ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀመስ፤ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ከምግብ ጋር ስለተባለ፣ ጠዋት ምግቡ ከሌለ ክኒኑም የለም ብዬ ተውኩት። የማታውም ብቻውን ምን ይረባል አልኩና እሱንም ረሳሁት። ለአመለወርቅ ጾም መድኃኒት ነው እያልኩ ስሰብክላት ብትሰሚኝ ትስቂ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ በላዩ ድንች፣ በዚያ ላይ አንቺ በላክሽልኝ ማር የተበጠበጠ በሶ። ማኅሌት ለሚቆም ሰው በሶ አቅም ይሰጣል ባይ ነኝ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ጾሜ፣ ልመሰገን ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። መቶ ሃያ ሦስት።

አፈርኩ፣ እታለም። ተቆጣሁም፤ ማሽናችሁ ተበላሽቷል አልኳት። ፍቅርተ ግን ሳቅ ብላ የምበላውን አንድ በአንድ አናዘዘችኝ፤ የንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አልመረመሩኝም። ሲያበቃ፣ ጾምዎ ለነፍስዎ ይደረግልዎ፣ ደምዎ ግን የሚያውቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወርድበትን ቁልል ነው አለችኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ብሄድ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስጨንቅም፣ ካስፈለገህ ማልደህ ብላ አሉኝ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂ የለ፣ ጾሜንም ክኒኔንም አልለቅም ብዬ ተመለስኩ። ፍቅርተ ሐኪሙን ጠይቃ አንዱን ክኒን ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ጋር፣ ሌላውን ከእራት ጋር አደረገችልኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ እንጀራ ብቻ፣ ጎመኑ በዛ ብሎ፣ ከምስር ወጥ ጋር። በሶና ብርዝ ቀረ። ሰው ቤት ገብቶ ጠላ አልጠጣም ማለት እንዴት እንደሚያስቀይም ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ሰሞን ኩራት መስሏቸው ያኮረፉኝም አሉ፣ ያኩርፉ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አቋራጩን ትቼ ዳገቱን ዞሬ በእግሬ እገባለሁ። ሰኞ ጠዋት ተለካሁ፤ መቶ አራት። ያቺንም አራት አወርዳታለሁ። ማርሽን ግን ከእንግዲህ አትላኪልኝ፤ በማር ከመጣሽብኝ አልችልሽም።

አሁን ወደ ልመናዬ። ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ጽሕፈቱ የልጅሽ የይታይሽ ነበር። መሬቱን በእንጨት እየጫርሽ ሀ ሁ ያስቆጠርሽኝ አንቺ፣ መነጽሬ ተሰብሮ ነው አልሽኝ። እታለም፣ አንቺ መነጽር አድርገሽ አታውቂም። ይታይሽም እናቴ ውሃ አልጠግብ ብላ እንስራው ቶሎ ቶሎ ያልቃል ብላ በጠርዙ ላይ በራሷ ጨምራለች፤ እንዳትቆጫት። ባለፈው ተመርመሪ ብዬ ስልክልሽ መልስሽ ከፋሲካ በኋላ የሚል ነው።

እናታችን እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ውሰዳት ብለሽ ከወገዳ ሦስት ጊዜ ልከሽብኛል። ፍልሰታ ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ግን እምቢ አለች ብዬ ነገርኩሽ፤ አንቺም አምነሽኝ፣ ይኸው ሃያ ዓመት በግትርነቷ ስትወቅሻት እሰማለሁ። እሷ ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ጾሙ ሳይፈታ ቀበርናት። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለአንቺ ግን ዛሬ ገና መንገሬ ነው። ይታይሽ፣ ልጄ፣ እዚህ ላይ ይበቃል ብትልሽም አታቁሚ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢላት።

ይቅር ብትዪኝ ደስታዬ ነው፤ ባትዪኝም ይገባኛል። ብቻ የሚመጣው ሐሙስ ወገዳ እገባለሁ። እራትሽን በጊዜ ብዪ፤ ከዚያ ወዲያ ከውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምሺ። ዓርብ ጠዋት እጅሽን ይዤ ጤና ጣቢያ እወስድሻለሁ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ መንገድ ለመንገድ እየሰደብሽኝ እንሄዳለን። ቁጥሩ የፈለገውን ይበል፤ ሰምተነው እንመለሳለን።

ቸሩ መድኃኔ ዓለም እግርሽን ያጽናልኝ፤ የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልኝ።

የዋሸሽ ወንድምሽ