በነጭ ባንዲራ የተጠቀለለችው

ቢቸና፣ ሐምሌ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለስጦታው
ሞጣ

ውድ ስጦታው፣

እንደምን ከርመሃል? የድሮ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም» ይል ነበር። እኔ ቤት ብዙ ነገር ጎድሏል፤ ናፍቆትህ ግን የለብኝምና በዚህ አታስብ። ስደውል ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ወረቀት ደግሞ ታከብራለህ። ወረቀት ላይ የሰፈረ ሁሉ እውነት ነው ስትል አሥር ዓመት ሙሉ ሰምቼሃለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ክረምቱ በርትቷል። ያሠራኸው ሳሎን በምዕራብ በኩል እያፈሰሰ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ሰሎሜ ስምንት ወር ሞልቷታል፤ ሁለት ጥርስ አውጥታ ያገኘችውን ትነክሳለች። ትናንት አገጬን ነክሳኝ ራሷ አለቀሰች። ጆሮዋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ የእናቷም እንዲሁ ነበር። የቤታችሁ ሰው ጆሮው ትልቅ ነው፤ መስማቱ ላይ ነው እንጂ። የካቲት ላይ «ወይ ልጂቱን ምረጪ ወይ እኔን» ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ሞጣው ሹመትህ ስትሄድ እኔ ልጂቱን አዝዬ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ኃይለ ሚካኤል መጣ። አምቡላንሱን አሁንም እሱ ነው የሚነዳው። ካፖርቱ ዝናብ ያንጠባጥባል፣ ግባ ብለው እምቢ አለ።

«እትዬ ውበቴ፣ ጋሼ ስጦታው ቅዳሜ ሞጣ አዳራሽ ውስጥ ሊሸለሙ ነው» አለኝ።

«በምን?»

ዓይኔን አላየም። «እዚህ ቢቸና ሳሉ አንዲት እናት በወሊድ ያልሞተችበት ወረዳ መርተዋል ተብሎ።»

ሽልማት ባይጨምሩልህ ኖሮ ዝም ብዬ እሞት ነበር፤ ፈሪ ነኝ፣ አንተም ታውቀኛለህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። አንተስ ረስተህ ብቻ አልቀረህም፤ ልትሸለምበት ነው።

እንግዲህ ያንን ኅዳር 10 ቀን ልተርክልህ። ነበርህ፣ ታውቀዋለህ፤ ያየኸው ግን ከማዕዱ ራስ ተቀምጠህ ነው። እኔ ከወጥ ቤቱ በኩል ላሳይህ።

ወይራ ምንጭ «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ ቀበሌ» ተብሎ ነጭ ባንዲራ የሚሰቀልበት ቀን ነበር። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ጭቃውን እየረገጥሁ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ነፍሰ ጡሮቹን በስም ብቻ ሳይሆን በሳላቸው የማውቃቸው እኔ ነኝ። በዋዜማው ግን «አንቺ ቢቸና ነይ፤ ከላይ የሚመጡትን እንግዶች የሚያስተናግድልኝ የለም» ብለህ አዘዝኸኝ። ወራቸው የገባ አራት ሴቶች አሉኝ፣ አንዷ እህትህ አገሬ ናት ብዬ ነገርሁህ። «ለአንድ ቀን ነው፣ ነገ አትወልድም» አልህ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንተ፣ ባሌ አንተ፣ ወንድሟ አንተ። ሄድሁ።

ባንዲራው በጭብጨባ ወጣ አሉ። እኔ አላየሁትም፤ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። የጤና ኬላው ቁልፍ መቀነቴ ጫፍ ላይ ታስሯል።

ከባንዲራው መልስ እንግዶቹ ለምሳ ወደ ቤታችን በጽሕፈት ቤቱ መኪና፣ ቢራው በአምቡላንሱ መጣ። ኃይለ ሚካኤል የቢራ ሳጥን ከበሽተኛው አልጋ ላይ ሲያወርድ በወጥ ቤቱ መስኮት አይቻለሁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን እጅ ላስታጥብ ገባሁ። ያን ጊዜ ነው ኃይለ ሚካኤል ስልኩን ይዞ ገብቶ ወደ ጆሮህ ጎንበስ ያለው።

«ጋሼ፣ ከወይራ ምንጭ እየደወሉ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት አለች ይላሉ። ልሂድ?»

«ከምሳ በኋላ እንግዶቹን ደብረ ማርቆስ ማን ያድርሳቸው? ያኛው መኪና አይበቃም።»

«ቶሎ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ምጥ ዛሬ ነው እንዴ የተጀመረው? ሴት ሁሉ ያምጣል። ይታገሡ በላቸው።»

አጠገብህ የተቀመጡት ሰውዬ ሳቁ፣ አንተም አብረህ ሳቅህ። ማን ናት አላልህም። ስጦታው፣ ስሟን አልጠየቅህም! ብትጠይቅ ኖሮ ቢራውን ከነሳጥኑ ጥለህ ራስህ መሪውን ይዘህ ትበር ነበር። አገሬን እንደምትወዳት አውቃለሁ፤ እሱን አልክድህም። የሌላ ሰው እህት መስላህ ነው «ውበቴ፣ ወጥ ጨምሪ» ያልኸኝ። እኔም ጨመርሁልህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለአንተ የነገረህ የለም፤ አንተም አልጠየቅህም። ለእኔ ከአገሬ ጋር የነበረችው እትዬ ፋንታ ነግራኛለች። የአገሬ ባል ደምለው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ነበር። ወንዶቹ ከስብሰባው ተበትነው በየፊናቸው ሄደዋል። ሴቶቹ አምቡላንሱን ጠብቀው ጠብቀው ተስፋ ሲቆርጡ ቃሬዛ አሰሩና ራሳቸው ተሸከሟት። ቀበሌው ግቢ ሲደርሱ፣ ባንዲራው ሥር፣ ወለደች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፤ ደሙም አልቆም አለ። ነጠላቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ አስረው ጨረሱ። ሕፃኗን የሚጠቀልሉበት ጨርቅ ሲያጡ እትዬ ፋንታ ገመዱን ፈትታ ባንዲራህን አወረደችው። ሰሎሜ የለበሰችው የመጀመሪያ ልብስ እሱ ነው።

ጤና ኬላው ከዚያ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ደም የሚያቆመው ኪኒን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። በሩን ገፉት፣ በድንጋይ ደበደቡት። የብረት በር ነው፤ አንተ ያስገባኸው ነው፣ በሪፖርትህ ላይ ከነፎቶው አለ። አገሬ እስከ መጨረሻው «ግድ የለም፣ ስጦታው መኪናውን ይልካል» ትላቸው ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ዐረፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

በሠልስቱ ምን እንዳደረግህ ታስታውሳለህ? ለቅሶ ቤቱ ጓሮ ጠርተኸኝ የቤተሰብ ማህደሯን፣ የጤና መዝገቧን፣ ከቦርሳህ አወጣህ። ልጂቱ «በጤና ጣቢያ በሰላም ተወለደች» ተብላለች፣ አገሬ «ከሳምንት በኋላ በልብ ሕመም» ሞታለች። ገና በሦስተኛ ቀኗ፣ ከሳምንት በኋላ! ቀኑን በጣቴ ሳሳይህ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ፤ አንቺ ፈርሚ ብቻ» አልኸኝ። ፈረምሁ። ለእናትህም አምቡላንሱ በጊዜው ደርሶ፣ ሐኪሞቹ ደክመው፣ የልቧ ነገር ሆኖ ነው አልሃቸው። ለቀስተኛውን ሁሉ «ለደካማ እናት ሌላ ነገር እንዳይነገር» ብለህ ለመንህ። ሰዉ አዝኖልህ አፉን ያዘ፤ እንዲህ ያለ አሳቢ ልጅ ይስጠን ያሉም ነበሩ። በሳምንቱ አዲስ ባንዲራ ሰቀልህ። ሰሎሜንም ደምለው ብቻውን ማሳደግ ስላቃተው እኔ ወሰድኋት።

በአገራችን የእህትን ደም የሚመልስ ወንድም ነው። ለአገሬ ደግሞ ያላት ወንድም አንተ ብቻ ነህ። ይህንን እያሰብሁ ስንት ቀን ሰነበትሁ መሰለህ! ደሟን የሚመልስላት በማዕዱ ራስ ተቀምጦ ሲስቅ የነበረው ሰው ከሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ለሴቶቹ ወደቀ ማለት ነው። እኛ ጠመንጃ የለንም። ሰኞ ዕለት ሰሎሜን አዝዬ ደብረ ወርቅ ወረድሁ።

እናትህ እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃቸው ላይ ነበሩ። ልጂቱን ሳሟት፣ ጆሮዋን ዳበሱ፣ «የኔ አገሬ» አሉ። እዚያው ነገርኋቸው። ባንዲራውንም አወጣሁላቸው። ስንት ጊዜ ባጥበው ደሙ አልለቀቀም፤ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እንደ ማለስለስ አደረጉት። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም።

«አንቺስ?» አሉኝ በኋላ። «አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቢቸና። ሽንኩርት ስከትፍ።»

«ስልኩ ሲመጣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ማን ናት ብለሽ ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም፣ እማሆይ።»

«ቁልፉ የት ነበር?»

ወገቤን ያዝሁ። ከመቀነቴ ጫፍ ቁልፉን አሳየኋቸው።

«በይ እሺ» አሉ። «ያንቺን ኋላ እንነጋገራለን። መጀመሪያ የወለድሁት።»

ይቅር ይሉኛል ብዬ አልነበረም የሄድሁት፤ እውነቱን ለመናገር ግን በልቤ ጥግ ጠብቄው ነበር። አላገኘሁትም። የንስሐ አባታቸው ወሬውን ሰምተው «እማሆይ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ሲሏቸው «አባቴ፣ እኔ መነኩሴ ነኝ፣ ቂም አልይዝም፤ ልጄን አንድ ነገር ልጠይቀው ነው» ብለው መለሱ። ቂሙን እኔ ይዤላቸዋለሁ። አይከብደኝም።

ከዚያ ስመለስ ማህደሩን ከፍቼ ውሸቱን ሰረዝሁትና ከሥሩ እውነቱን ጻፍሁ። «አገሬ፣ 24 ዓመት፣ ኅዳር 10 ቀን፣ ቀበሌው ግቢ፣ ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት፤ ባለሙያ አልነበረም፣ አምቡላንስ አልመጣም።» ሐሰተኛውን የፈረምሁት እኔ መሆኔን፣ ማን እንዳስፈረመኝም ጨምሬ በሁለት ቅጂ ለበላዮችህ ልኬአለሁ። ኃይለ ሚካኤልም ያን ቀን በአምቡላንሱ ምን እንደጫነ በገዛ እጁ ጽፎ ሰጥቶኛል። ከሥራ ቢያባርሩኝ እሰየው፤ ቢያስሩኝም ስንቅ የሚያቀብለኝ አላጣም። እነሱ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይቀብሩት ይሆናል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባልበት አገር ነው። ስለዚህ ነው በእነሱ ብቻ ያልተማመንሁት።

እማሆይ ትናንት ቢቸና ገቡ። እትዬ ፋንታንም ለምስክር አስጠራናት። እንደምታውቀው እማሆይ ፊደል አልቆጠሩምና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አንብቤላቸዋለሁ። ቃል አላስቀረሁም። ስለ ቢራው ሁለተኛ አስነበቡኝ። «ሴት ሁሉ ያምጣል» ያልኸው ላይ ስደርስ «አዎን፣ እኔም አምጨዋለሁ፣ ሁለት ቀን» አሉ። ሰሎሜን ይዘው ወደ አንተ ሞጣ ሲመጡ እኔም ልምጣ ብዬ ለምኛቸው ነበር። «አንቺ ቤት ጠብቂኝ። ስመለስ ያንቺ ተራ ነው» አሉኝ። እጠብቃቸዋለሁ፤ ቁልፉንም ከመቀነቴ አልፈታሁትም።

እንግዲህ ይህንን ወረቀት እጅህ ላይ ያኖሩት እናትህ ናቸው፤ አዳራሹ ሞልቶ፣ ስምህ ከመጠራቱ በፊት። ልጂቱን ያቀፉበትን ጨርቅ አይተኸው ይሆናል፤ ካላየኸው አሁን እየው። «አንብቦ እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ ወንበርም አልቀበል» ብለውኛልና እየተነሣህ «ቁጭ በይ እናቴ» አትበላቸው። ሊጠይቁህ የመጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያን ቀን አንተ ያልጠየቅኸውን። ድምፅህን እንዲሰሙት የሽልማቱን ማይክሮፎን ያዝና መልስላቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምልህ። ጤናውንም ይስጥህ፣ ጆሮህንም ይክፈትልህ፣ አንዲቷንም ቀን ሳትረሳ ሸምግል።

ፊርማዬን ታውቀዋለህ፤ በማህደሩ ላይ ያለው ነው።

ውበቴ

ጨርሰሃል። አሁን ቀና በል፤ እናትህ «ያቺ ምጥ የያዛት ሴት ማን ነበረች?» እያሉህ ነው።