ተሳታፊ ቁጥር ሰባት

ለወደፊቷ ዶክተር፣

ቁልፌን ለዘበኛው ሰጥቻለሁ። የኩሽናው ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ ባልዲውን አታንሺው።

ጠረጴዛው ላይ የተውሽውን የዶክትሬት ጽሑፍ ሳላስፈቅድሽ አንብቤዋለሁ፤ ለሱ ይቅርታ።

«ተሳታፊ ቁጥር ሰባት፦ ዕድሜ ስልሳ አንድ፣ ያልተማረች፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን በግድየለሽነት ታቋርጣለች» ይላል።

እናቴ መሆኗ አልጠፋኝም።

እዚሁ ኩሽና ቁጭ ብላ፣ «ልጄ» እያለች፣ ኪኒኗን ለታመመች እህቷ እንደምታካፍል አልነገረችሽም? እሱን የት ዋጥሽው? ለጥናት ብለሽስ መቼ አስፈቀድሻት?

የሰው ገመና ሸቅጠሽ ካባ ልትደርቢ! ተምረሽ ሞተሻል!

እናቴ ጠዋት ደውላ፣ «ያቺ ልጄ ትምህርቷን ጨረሰች? እየጸለይኩላት ነው» አለችኝ።


ገጹን ገንጥዬ ወደ እሷ ሄጃለሁ። ማንበብ ስለማትችል፣ መጥተሽ አንብቢላት።