ኤቢ ፊልም ያሳየችኝ ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለካሣዬ፣ ካለህበት ደርባን።

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህን የሚይዝህ ቁርጥማት በዚያ አገር ብርድ አልባሰብህም? ባለቤትህ አይዳስ ደህና ናት? ትንሹ ዮፍታሔ እግር አውጥቷል ወይስ ገና ነው? ሱቃችሁ ያለበት ሰፈርስ ሰላም ሆነላችሁ? ከዚያ የምንሰማው ወሬ ደግ አይደለምና ስልክህ አንድ ቀን ከዘገየ ስልኬን ከእጄ አላስቀምጥም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ቢሮም ያው ነው፤ መዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ ውዬ እገባለሁ። ጅጅጋ ተለውጣለች፤ ወደ ካራማራ መውጫ ያለው ያ ሜዳ ሁሉ ቤት ተሠርቶበታል ብልህ አታምነኝም። ልጅህ ኤቢ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት በቁመት በልጣኛለች። ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ በትምህርቷም የሚስተካከላት የለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። የሚቀጥለውንም በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። "እቴቴ" ስትለኝ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን የቢሮ ጓደኛዬ የናዝሬት ባል ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ላክሁልህ። ብቻህን ሆነህ፣ ተቀምጠህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ነው። ኤቢ ትምህርት ቤት ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ደሬሳ የሚባል የታሪክ መምህር አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ለተማሪዎች ፊልም ያሳያል። አንድ ቅዳሜ ወላጆችም እንድንመጣ ተጠራንና ኤቢ "እቴቴ፣ አንቺም ነይ" አለችኝ። የምን ፊልም ነው ብላት የጃፓን ካርቱን ነው አለች። እኔ ካርቱን ሲባል እንስሳት የሚያወሩበት የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ቆሎ ቋጥሬ ሄድኩ።

የጦርነት ፊልም ነው ካሣዬ። በእጅ የተሳለ ነው፤ ፊታቸው ግን የሕያው ሰው ፊት ነው። አውሮፕላኖች የእንጨት ቤቶች ያሉበትን ከተማ ሲያቃጥሉ፣ ዐሥር ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከቤት ቤት ትዞራለች። ንግግሩ ጃፓንኛ፣ ከሥሩ የሚጻፈውም እንግሊዝኛ ስለሆነ ደሬሳ በአማርኛ፣ አንዲት ተማሪ ደግሞ በሶማሊኛ ይተረጉሙልን ነበር። ልጅቷ የእናቷ ጓደኛ የነበረች ሴት ቤት ትደርስና ታንኳኳለች። ያኔ ውስጡን ያሳዩናል። ሴትየዋ መስኮቱን ዘግታ፣ አፏን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ምድጃው ላይ የሩዝ ድስት ይጨሳል። ልጅቷ ከውጭ "እኛ ነን" ትላለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና "እኛ ነን" ትላለች። ከዚያ ትሄዳለች። ወንድሟ በባቡር ሐዲድ ዳር ጀርባዋ ላይ እንዳለ ይሞታል፤ እሷ ግን የተኛ መስሏት ተረት እያወራችለት ትሄዳለች።

አዳራሹ ውስጥ ነጠላ የለበሰችውም ሂጃብ ያደረገችውም እኩል ታለቅስ ነበር። ደሬሳ መተርጎሙን ትቶ መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔ አላለቀስኩም። በሩ ከተንኳኳ ጀምሮ ቆሎዬን አልነካሁትም። ዞር ብዬ ኤቢን ሳያት ፊልሙን አይደለም የምታየው። እኔን ነው የምታየው።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ገብተን ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "እቴቴ፣ ያቺ ሴትዮ ሩዙን በኋላ የበላችው ይመስልሻል?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ፊልም አይደል ወይ አልኳት። እሷም ቀስ ብላ "አንቺስ? የዚያን ቀን ሽሮ ሠርተሽ ነበር። ሽታው በበሩ ሥር ይመጣ ነበር፤ ማቲ እርቦኛል ያለው ለዚያ ነው። በላሽው?" አለችኝ።

በልቼዋለሁ አልኳት።

እንግዲህ ልንገርህ። ስለ ማቲ አሟሟት የምታውቀው እኔ የነገርኩህን ነው፤ እኔ የነገርኩህ ደግሞ ውሸት ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታወክ አንተ ጭነት ይዘህ ጉናጋዶ ነበርክ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልዬ ነበር፣ ልጆቹ ጎረቤቴ ላዳን ዘንድ ሄደው ቶሎ ስላልከፈተችላቸው ነው ማቲ ደጅ ላይ የተመታው ብዬህ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቤቴ ነበርኩ።

እናታቸው ሃኒ ማቲን ወልዳ ካረፈች ወዲህ፣ አንተ መንገድ ስትወጣ ልጆችህ ወደ እኔ ነበር የሚመጡት። ያን ቀንም እንደ ወትሯቸው መጡ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ኤቢ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የአራት ዓመቱን ማቲን አዝላ። ቤቴ በሩ ወደ መንገድ መሆኑን ታውቃለህ። መንገዱ ላይ ዱላና ጀሪካን የያዙ ሰዎች ይጮኻሉ፤ ከታች ጎማ ይቃጠላል። እኔ በሩን ቀርቅሬ ከኋላው አልጋዬን ገፍቼበት ነበር። ኤቢ አንኳኳችና "እቴቴ፣ ክፈቺልን" አለች። ከዚያ ማቲ በትንሽ እጁ መታ መታ አደረገ፤ ሁልጊዜ ሲመጣ እንደሚያደርገው። ከተቀመጥኩበት እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው። አልተነሳሁም። ሳል መጥቶብኝ በነጠላዬ አፈንኩት። ሽሮው ከሥር እስኪያር ድረስ ደጄ ላይ ቆዩ።

ከእኔ ደጅ ተነስተው ሲሮጡ ነው ድንጋዩ ማቲን ጭንቅላቱን ያገኘው። ማን እንደወረወረው ማንም አላየም። ላዳን በመስኮት አይታ በባዶ እግሯ መንገድ ላይ ወጣች፤ ሁለቱንም ጎትታ አስገባች። አልዘገየችም ካሣዬ። በሯን እንኳን አላንኳኩም፤ ራሷ ናት የወጣችላቸው። ባሏ ዐብዲዐዚዝ ነርስ ሊፈልግ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ለሀበሻ ልጅ መሆኑን ሲያውቁ ክንዱን ሰብረው መለሱት። ማቲ እስከ ማግስቱ ቀትር ቆየ። ያረፈው በላዳን እቅፍ ነው፤ ኤቢ እግሩን ይዛ ነበር።

አንተ በአምስተኛው ቀን መንገድ ሲከፈት ደረስክ። እኔም ያን ውሸት ነገርኩህ። ላዳን ደጅ ሄደህ "ልጄን በደጅሽ አስገደልሽው" ስትላት ከኋላህ ቆሜ ነበር። ላዳን በትከሻህ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ኤቢ ከየት እንደመጡ ነግራታለች፤ ሁሉን ታውቃለች። ግን "አላህ ያጽናህ" ብቻ አለችህ። ዐብዲዐዚዝ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ እጅህን ሊጨብጥ ሲመጣ ፊቱ ላይ ተፋህበት። አላስቆምኩህም። ወደ ውጭ ስትሄድ ኤቢ እዚያ ቤት እንዳትረግጥ አደራ አልከኝ፤ እኔም አደራህን ጠበቅሁ። ባለፈው ዓመት ዐብዲዐዚዝ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም። በስልክ ስነግርህ "የእጁን አገኘ" አልክ፤ እኔም ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

ኤቢን ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ሳልሽን ሰምቼዋለሁ አለች። "አባዬ ሊሄድ ነበር። ብናገር ካንቺ ወስዶ የት ያስቀምጠኛል? ስለዚህ ዝም ብዬ አደግሁ።" ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደምትመልስ ነው የተናገረችው። ቀጥላም "ፊልሙን ከዚህ በፊት ከጓደኞቼ ጋር አይቼዋለሁ። የጠራሁሽ ያቺ ልጅ ስታንኳኳ ፊትሽን ለማየት ነው" አለችኝ። ምን አየሽ ልላት ፈልጌ ተውኩት።

በማግስቱ ላዳን ዘንድ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታጥብ አገኘኋትና ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እጇን ከሳፋው ሳታወጣ፣ "እኔን ተይኝ፤ ዐብዲዐዚዝ ነበር የሚፈልገው። ካሣዬ አንድ ቀን ይሰማል፣ ይመጣል እያለ ነው የሞተው። አሁን መጥተሽ ለማን ልንገረው?" አለችኝ። ለምን አላጋለጥሽኝም ብላት ልጅቷ የምታድረው አንቺ ቤት ነበር አለችኝ። ተቀመጪ አላለችኝም። ልብሱን አጥባ እስክትጨርስ ቆሜ ተመለስኩ።

ኤቢ በዚያው ሳምንት ፍራሿንና ደብተሮቿን በባጃጅ ጭና ላዳን ቤት ገባች። ድሮም ሀበርየር እያለች፣ የእናቷ እህት አድርጋ ነው የምትጠራት። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጇን ትሰጠኛለች፤ ጤናዬን ትጠይቀኛለች። ከዚያ በላይ የለም። ለምግቧም ለልብሷም የምትልከውን ከአሁን በኋላ ለላዳን አድርገው።

ስለ እኔ የምለምንህ ነገር የለም። እህቴ አይደለሽም ብትለኝ ይገባኛል። የላዳን ስልክ ግን አልተለወጠም፤ ደውልላት። ለዐብዲዐዚዝ ልትለው የሚገባህን ለእሷ ንገራት፤ መቃብሩ ላይ ሄዳ ትነግረው እንደሆነ እንጃ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለኤቢ ሰጠኋት። እዚያው በላዳን ደጅ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። በመጀመሪያ ስጽፈው በሩን ያልከፈትኩት ፈርቼ ነው የሚል ነበረበት። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ፣ "እኔም ፈርቼ ነበር። ሀበርየርም ፈርታ ነበር። ይሄን አውጪው" አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ቀደድኩና ሁሉንም እንደገና ጻፍኩት።

አይዳን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ትታገሥህ። ዮፍታሔን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ አፉን ሲፈታ ከማን ነው ካለህ ከጅጅጋ በለው፣ ይበቃዋል። ኤቢ የእኔን ሰላምታ አትጻፊ፣ ራሴ እደውልለታለሁ ብላለች። ላዳን ሰላምታ አላከችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እህትህ ንጋቷ

ጅጅጋ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.