ቤታቸውን የሳቱ ሲዲዎች

ጥር 4

የፊልም ማጫወቻ ዴኬ ዛሬም ሲዲውን አልለቅም አለ። በወረቀት መያዣ ሽቦ ጎርጉሬ አስተፋሁት። ጥርስ እንደ መንቀል ነው፤ በሽተኛውም ሐኪሙም ያልባቸዋል።

ሥራ ቦታ ሰላም። ጋራዡ ውስጥ ሦስት አውቶቡስ ቆሟል፣ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ። እኔ ግምጃ ቤቴ ውስጥ ብሎን ስለይ ዋልኩ። የትኛው ብሎን የት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ዐይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ያቆዩኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሻይ አቀረበች። ከነብስኩቱ። ብስኩት ካለ ነገር አለ።

«እማዬ ልትመጣ ነው።»

«እሰይ! ለስንት ቀን?»

«ለሁልጊዜ።»

እንግዲህ ክፍል ያስፈልጋቸዋል። ትርፍ ክፍላችን ደግሞ አንድ ነው… የሲዲዎቼ። ስድስት መቶ አርባ ፊልም፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። «እነሱስ የት ይሂዱ?» ብላት፣ «እነሱማ ጉልበታቸውን አያማቸው» አለችኝ።

ጥር 5

አልጋችንን ከሥር ለካሁት። አይገቡም።

ጥር 8

ልጄ መጣች። ባንድ እጇ ላፕቶፕ፣ በሌላው የሳሙና መጠን ያላት ጥቁር ነገር። ሃርድ ዲስክ ናት።

«አባዬ፣ ያ ክፍል ሙሉ ፊልም እዚህች ውስጥ ይገባል።»

«እኔስ? እገባለሁ?»

«አንተን የሚገለብጥ ማሽን ገና አልተሠራም።»

ተከራከርን። ሲዲ በእጅ ይያዛል አልኳት። ሽፋኑ ይታያል፣ ማንንም ደጅ አያስጠናም። አምና ኢንተርኔት ላይ የገዛችው ተከታታይ ፊልም አንድ ቀን ጠዋት ብትከፍት የለም! የሸጡላት ሰዎች አንስተውታል። የኔን መደርደሪያ ማን ያነሳዋል? እሷ ደግሞ፣ ሲዲ ይጫጫራል፣ ዴክህም በሞት አፋፍ ላይ ነው አለች።

«ጉንፋን ነው የያዘው።»

«አባዬ፣ በሽቦ እኮ ነው የምትከፍተው።»

ባለቤቴ መሐል ገባች። ለኔ የምትፈርድ መስሎኝ ነበር። «ሁለት ሳምንት አላችሁ» ብላ ወጣች።

ጥር 9

አማቴ ስልክ ደወሉ።

«ስመጣ መጀመሪያ የምታሳየኝ ሰርጋችሁን ነው። ሰውዬዬ ሲጨፍር ማየት አማረኝ። ፎቶ እንደሁ አይንቀሳቀስ።»

የባለቤቴ አባት ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ሲንቀሳቀሱ የሚታዩት እዚያ ሲዲ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ በካልሲ እየጨፈሩ… እኔም ናፈቁኝ።

ወርቃማውን ሣጥን አወጣሁ። «ሰርግ» ይላል በትልቁ። ሲዲውን ዴኩ ውስጥ ከተትኩ። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ከጣሪያ ዘሎ ሌላ ሰው ደረት ላይ አረፈ።

በኛ ሰርግ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ጥር 10

እዚህ እንኳ ልናዘዝ።

አንድ ፊልም አይቼ ሌላ ልከት ስል፣ የወጣውን ሲዲ ይዤ የራሱን ሽፋን ፍለጋ አልሄድም። አሁን ባዶ የሆነው፣ እጄ ላይ ያለው ሽፋን ውስጥ ሸጎጥ! ነገ አስተካክለዋለሁ እላለሁ። ይኸው ነገ ሃያ ዓመት ሞላው። «ሐኪሙ» የሚለው ፊልም የ«መርከቧ» ሽፋን ውስጥ ነው፣ መርከቧ የወንበዴዎቹ ውስጥ፣ ወንበዴዎቹ… እነሱ እንኳ ጠፍተውኛል። ሁሉም ከገበያ የተገለበጡ ስለሆኑ ፊታቸው ባዶ ነው፣ ስም የለ ምን የለ። የሰርጉም ላይ ካሜራማኑ በእስክሪብቶ ጽፎበት ነበር፣ ለቋል።

ነጭ ለባሹስ የየትኛው ፊልም ነው? አርባ የድብድብ ፊልም አለኝ፣ አርባውም ላይ ነጭ ለባሽ ይዘላል።

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ አንድ መካኒክ ያሥራ ሁለት ቁጥር ብሎን ያሥራ አራቱ ሣጥን ውስጥ ቢጥል ጮኽኩበት። «ሥርዓት የሌለህ ሰው!» አልኩት። እኔ! ምን ዓይነት ዐይን አውጣ ነኝ?

ለባለቤቴ ልንገራት? አይ… አባቷ እኮ ናቸው። መጀመሪያ ልፈልግ።

ጥር 13

ከሥራ ስመለስ አምስት አምስት ሲዲ እሞክራለሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ልሰናበታቸው ብዬ ነው።»

«ላግዝህ?» አለችኝ። በሲዲ ነገር ላግዝህ ብላኝ የምታውቀው መቼ ነው? ጠርጥራ ይሆን እንዴ?

ጥር 15

ዴኩ ሞተ። አፉ ውስጥ ሲዲ እንደያዘ። ልጄ በካቻቢቴ ፈታ አወጣችለት።

ጥር 19

ልጄ ፊልሞቹን ገልብጣ ጨረሰች። አሥራ ሰባቱ ስለተጫጫሩ አልገለበጥ አሉ፣ ሌላው በሙሉ ገብቷል። «ሁሉንም ሽፋናቸው ላይ ባለው ስም ጻፍኩልህ» አለችኝ፣ ኩራት በኩራት ሆና።

ሳምንት ሙሉ ጎንብሳ ለሠራች ልጅ «ስሞቹ በሙሉ ውሸት ናቸው» ይባላል? ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ እንደኔ ፈሪ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሰርጉ በሆነ ስም እዚያች ሳሙና ውስጥ አለ… ካሥራ ሰባቱ አንዱ ካልሆነ። ከሆነስ?

ሲዲዎቹን ጎረቤታችን አትክልተኛው በጆንያ ወሰዳቸው፣ ጎመኑ ላይ አንጠልጥሎ ወፍ ሊያስፈራራባቸው። ሽፋኖቹ ከቆሻሻ ጋር ሄዱ። ወርቃማዋን ሣጥን ብቻ ካልሲዬ መሐል ደበቅኩ።

ጥር 22

አማቴ ገቡ። ክፍሉን በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ዞሩና፣ «ጥሩ ነው፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል እንጂ» አሉ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ።

«በል፣ ሰርጉን።»

ልጄ «ሰርግ» የሚለውን ከፈተች። ነጭ ለባሹ ከጣሪያ ዘለለ።

ልጄ ደነገጠችና ሌላ ሞከረች። «ሐኪሙ» በሚለው ወንበዴዎች ተታኮሱ (ለካ እዚያ ኖረዋል)። «የልጆች ተረት» በሚለው ደግሞ… ቶሎ ዘጋችው። ዞራ አየችኝ።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

ሁሉንም አወጣሁት። ሃያ ዓመት የሸጎጥኩትን፣ ያልተገለበጡትን አሥራ ሰባቱን፣ ሁሉንም። ባለቤቴ አቀርቅራ ሻይዋን ታማስላለች። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

አማቴ፣ «ያን ነጭ ለባሽ መልሱልኝ» አሉ። እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጡት ባላቸውን ሊያዩ ነው፤ እኔ ደግሞ ባላቸውን ጣልኩባቸው።

ጥር 23

ልጄ አታናግረኝም፤ በእጇ ነው የምትጠቁመኝ። ፊልሞቹን አንድ በአንድ ከ«ሀ» ጀምረን ከፈትን። «መ» ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ።

ወደ አትክልተኛው ሄድኩ። ሲዲዎቼ ጎመኑ ላይ በሲባጎ ተንጠልጥለው ያብለጨልጫሉ። ያምሩ ነበር፣ አልዋሽም።

«አሥራ ሰባቱን መልስልኝ» አልኩት።

«የትኞቹን?»

«የተጫጫሩትን።»

ቀና አልን። ነፋሱ ሁሉንም እርስ በርስ እያፋጨ ያጫጭራቸዋል።

«ምረጥ» አለኝ።

አንዷ ወፍ ሲባጎው ላይ ተቀምጣ፣ በሲዲው እንደ መስታወት ራሷን እያየች ላባዋን ታስተካክላለች። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጥር 24

ቁርስ ላይ አማቴ ከክፍላቸው ወጡ።

«ያ ፊልም ‹ነብሩ› ነው» አሉ። «መጨረሻ ላይ መምህሩ ጣቶቹን እንደ ነብር ያደርጋል። ከሰውዬዬ ጋር እዚሁ እናንተ ቤት አይተነዋል። እንግዲህ ነብሩ ሰርጉ ቤት ካደረ፣ ሰርጉ የት ያድራል?»

እኔ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«ነብሩ ቤት ነዋ! ይቺ ጠፍታህ ነው ግምጃ ቤት ያስጠበቁህ?»

«እማማ፣ በኔ አሠራር እንደዚያ አይሆንም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። የኔ ሲዲዎች አንዱ ሌላውን እያስወጣ ይሄዳል እንጂ ቤት አይለዋወጡም።

«ክፈቱት» አሉ። «የዚያኑ ዕለት ማታ ልነግራችሁ ነበር። ከሌለስ ብዬ ፈራሁ።»

ልጄ «ነብሩ» የሚለውን ከፈተች። ኬክ። ካሜራማኑ አሁንም ከኬኩ ላይ አልነቀል ብሏል። ቀጥሎ አዳራሹ… ቀጥሎ ሽማግሌው። በአንድ ጫማ። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከሙዚቃው አንድ እርምጃ ዘግይተው፣ ደስ ብሏቸው። ከኋላቸው አማቴ ሌላውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ይከተሏቸዋል።

«ጫማህን አድርግ» አሉ አማቴ ለቴሌቪዥኑ፣ ቀስ ብለው። «ይበርድሃል እኮ።»

አለቀስኩ። ሁላችንም አለቀስን። ልጄም አነጋገረችኝ፤ «መሐረብ» አለችኝ።

ግን ነገሩ ከነከነኝ። በኔ አሠራር ካልሆነ በማን አሠራር? ባለቤቴን ኩሽና ተከተልኳት።

«አባዬ የሞተ ሰሞን ሰርጉን ብቻዬን አየሁት» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ዴኩ ውስጥ ነብሩ ነበር። አወጣሁና እጄ ላይ ባለው በሰርጉ ሣጥን ከተትኩት። ሰርጉንም አይቼ ስጨርስ እንዲሁ፣ ባዶ ባገኘሁት ሽፋን። ካንተው የተማርኩትን። በኋላ የቱ እንደነበር ጠፋኝ።»

«እና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያልበኝ እያየሽ…?»

«ላግዝህ ብዬሃለሁ እኮ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። መቆጣት ነበረብኝ፣ ሳቄ ቀደመኝ።

የካቲት 6

ልጄ በየእሑዱ እየመጣች ስሞቹን ታስተካክላለች። አማቴ ፊልሙን አይተው ይፈርዳሉ፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «ወ» ላይ ደርሰናል። «ነብሩ» የሚለውን ብቻ እንዳትነካ ተከልክላለች። «ሰርግ ብትይው ያው የእናት አባትሽ ሰርግ ነው» አሏት አማቴ። «ነብሩ ግን የኔ ነው።»

ክፍሉ ፕላስቲክ መሽተቱን ትቷል። ሲዲዎቼ አይናፍቁኝም ብል ውሸት ነው… በጎመኑ በኩል ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ። ወፎቹም ለምደውኛል።

ጥቁሯን ሳሙና ወርቃማዋ ሣጥን ውስጥ አኖርኳት። ልክክ አለች። ልጄ አይታ፣ «አባዬ፣ እሷ እኮ የራሷ ቦርሳ አላት» አለች።

«ነገ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

ባለቤቴ ከኩሽና ስትስቅ ሰማኋት። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ አማቴ ወንበራቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። «ነብሩን» ይሉኛል፣ እኔም እከፍታለሁ። ዛሬ ብቻ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ጨፈሩ።